የአንባቢያን ጥያቄ፦ የፀሐይ ብርሃን በውሃ ውስጥ ያለን ባክቴሪያ የሚገድለው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ውሃችን በሻይ በራድ ውስጥ ነጭ ንጣፍ ይተዋል። ውሃ በሃይላንድ ሞልተን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ስናሰጣ «ራዲካል» የሚባል ነገር ተፈጥሮ የባክቴሪያን ግድግዳ እንደሚያፈርስ ሰምቻለሁ። እንዴት ያፈርሰዋል? ጨዋማነቱ ለበዛው ለእኛ ውሃስ ይሠራል?

መልስ፦ ራዲካል ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን የያዘ አቶም ወይም ሞለኪውል ሲሆን፣ ጉድለቱን ለመሙላት በአጠገቡ ካገኘው ነገር ኤሌክትሮን ወይም ሃይድሮጅን ይነጥቃል። ከእነዚህ ሁሉ ኃይለኛው፣ ከአንድ ኦክሲጅንና ከአንድ ሃይድሮጅን የተሠራው ሃይድሮክሲል ነው፤ ኦክሳይድ የማድረግ (ኤሌክትሮን የመንጠቅ) አቅሙ 2.8 ቮልት ገደማ ሲደርስ፣ ውሃ ለማከም የሚያገለግለው ኦዞን የተባለው ጋዝ አቅም 2.07 ቮልት ነው። ነገር ግን ምርጫ የለውም፤ ዕድሜውም እጅግ አጭር ስለሆነ ከተፈጠረበት ቦታ ብዙ ሳይርቅ ያገኘውን መትቶ ያልቃል።

በአንጀት ውስጥ እንደሚኖረው ኢ. ኮላይ ባሉ ባክቴሪያዎች ግድግዳው ጥቂት ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ብቻ የሚወፍር ስስ መረብ ነው፤ በውጭም በውስጥም በስብ የተሠራ ሽፋን አለው። ራዲካሉ ከስብ ሞለኪውል ሃይድሮጅን ሲነጥቅ፣ የተነጠቀው ስብ ራሱ ራዲካል ይሆናል፤ ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶም ጎረቤቱን ያጠቃል፤ ጥቃቱም እንዲሁ እየተያያዘ ይቀጥላል። ሽፋኑ ሲቀዳደድ ፖታሲየም ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ ፕሮቲኖችም ይጎዳሉ። ስለዚህ ለሞቱ ወሳኙ፣ ጠያቂያችን ከጠቀሱት ግድግዳ ይልቅ ይህ ሽፋን ነው። ግድግዳቸው ከ20 እስከ 80 ናኖሜትር የሚወፍር ሌሎች ባክቴሪያዎች ግን ብዙውን ጊዜ ረዘም ላለ ጊዜ ይቋቋማሉ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ በበራዱ ላይ ነጭ ንጣፍ የሚተወው በውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየምና ባይካርቦኔት ነው። ባይካርቦኔት ሃይድሮክሲልን ስለሚያጠምድና በምትኩ ደካማ የሆነ የካርቦኔት ራዲካል ስለሚያስቀር፣ ኦዞንን ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር አጣምሮ በሚሠራ ማጣሪያ ላይ እውነተኛ ችግር ይሆናል። በፀሐይ ላይ በተሰጣ ሃይላንድ ግን አብዛኛው ጥቃት የሚጀምረው ከባክቴሪያው ውስጥ ነው፤ አልትራቫዮሌት ጨረርን የራሱ ሞለኪውሎች ውጠው እዚያው ራዲካሎችን ጨምሮ ጎጂ የኦክሲጅን ዓይነቶችን ያመነጫሉ። በዚህ ምክንያት ጨዋማነቱ አያሳስብዎ፤ ድፍርስነቱ ግን ያሳስብዎ። የተሞላውን ጠርሙስ በጋዜጣ ርዕስ ላይ አቁመው በአፉ በኩል ወደ ታች ሲመለከቱ ፊደሉ ካልተነበበ፣ ውሃው ሳይጠራ አይሰጣ።

ከ2 ሊትር የማይበልጥ፣ ቀለም የሌለውና ያልተጫጫረ ጠርሙስ ይምረጡ። ውሃውን ሦስት አራተኛ ሞልተው 20 ሰከንድ ያህል ቢንጡት ኦክሲጅን ይጨምርለታል፤ ከዚያ እስከ አፉ ይሙሉት። በጠራ ፀሐይ የ6 ሰዓት ቆይታ፣ ሰማዩ ከግማሽ በላይ ከደመነ ሁለት ተከታታይ ቀን ያስፈልገዋል። የድሬዳዋ ሙቀትም ያግዛል፤ ውሃው ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ባክቴሪያዎቹ በጣም ፈጥነው ይሞታሉ። ራዲካሎች እንደ ክሎሪን በውሃው ውስጥ ቆይተው ስለማይጠብቁት፣ ወደ እንስራ ወይም ጀሪካን ሳይገለብጡ ከዚያው ጠርሙስ በንጹሕ ብርጭቆ እየቀዱ ይጠጡ።