የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከጎንደር ወደ ፒዮንግያንግ

ጥያቄ፦ በፋሲል ግቢ አካባቢ በአስጎብኚነት የምሠራ የጎንደር ነዋሪ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ቻይና ይማራል፤ ልጠይቀው ስሄድ አብረን ሰሜን ኮሪያን ብናይ የሚል ሐሳብ አለን። አያቴ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ስለ ነበሩ የተዋጉበትን ምድር ማየት እመኛለሁ። ያለ አስጎብኚ መንቀሳቀስ ይቻላል? በመሪዎቹ ሐውልት ፊት መስገድ ግዴታ ነው ሲባል ሰምቼ፣ ማተብ ያሰርኩ ክርስቲያን በመሆኔ አሳስቦኛል። የአያቴን ፎቶግራፍና ሜዳሊያ ይዤ ብሄድስ?
(ከአዘዞ)

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ከሁሉም አደገኛው እርሱ ነውና። ፎቶግራፉንና ሜዳሊያውን ጎንደር፣ ቤትዎ ይተዉት። ቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ የገባው በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር ከደቡቡ ጎን ተሰልፎ ሰሜኑን ለመውጋት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 27 ቀን 1953 የተፈረመውም የተኩስ ማቆም ስምምነት እንጂ የሰላም ውል ስላልነበረ ጦርነቱ በወረቀት ዛሬም አልተዘጋም። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን የወደቁበትና እኛ በክብር የምናነሣው ዘመቻ በዚያ ወገን ሲተረክ የጠላት ወረራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የ85 ዓመት አሜሪካዊ አዛውንት ጉብኝታቸውን ጨርሰው፣ ከፒዮንግያንግ ሊወጡ አውሮፕላን ውስጥ ከተቀመጡ በኋላ ተጠርተው ወርደው ታስረዋል። በጦርነቱ ጊዜ ከሰሜኑ መንግሥት ጋር ይዋጉ ለነበሩ ደፈጣ ተዋጊዎች አማካሪ እንደ ነበሩ በጉዟቸው መካከል አንሥተው ነበር፤ የተለቀቁትም ከሳምንታት በኋላ፣ የይቅርታ ጽሑፍ በቴሌቪዥን ካነበቡ ወዲያ ነው። እርስዎ የዘማች የልጅ ልጅ እንጂ ዘማች አይደሉም፤ ቢሆንም ያ ልዩነት በአየር ማረፊያ ፍተሻ ላይ ስንት እንደሚመዝን በራስዎ ላይ መፈተን አይገባዎትም።

የሚፈልጉት የአያትዎን ዱካ ከሆነ ደግሞ መንገድዎ ወደ ደቡብ ኮሪያ ነው። ቹንቾን በተባለችው ከተማ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አገሪቱን በጎበኙበት እ.ኤ.አ. በ1968 የቆመ የኢትዮጵያውያን ዘማቾች ሐውልት አለ፤ በአጠገቡም እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተ የመታሰቢያ አዳራሽ ይገኛል። በዚያ ሜዳሊያውን ደረትዎ ላይ ቢያደርጉት እንኳ የሚጠብቅዎት አክብሮት ነው።

ያለ አስጎብኚ መንቀሳቀስን በተመለከተ፣ አይቻልም። ቪዛ የሚገኘው ፈቃድ ባላቸው የጉዞ ወኪሎች በኩል፣ የጉዞው ዋጋ በሙሉ አስቀድሞ ተከፍሎ ነው፤ ከገቡበት ሰዓት እስከሚወጡበት ድረስም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አስጎብኚዎችና አንድ ሾፌር ከእርስዎ አይለዩም። የት እንደሚበሉ፣ የት እንደሚያድሩ፣ የትኛውን ሙዚየም በስንት ሰዓት እንደሚያዩ አስቀድሞ ተቆርጧል። የውጭ ጎብኚዎች ከሚያርፉባቸው ሆቴሎች የታወቀው ያንጋክዶ የተሠራው በቴዶንግ ወንዝ መካከል በሚገኝ ደሴት ላይ በመሆኑ፣ ማታ እግርዎን ለማፍታታት ቢያስቡ ከግቢው ብዙም አይርቁም። ይህ ሁሉ ጥበቃ ለይስሙላ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በኩምጋንግ ተራራ መዝናኛ ንጋት ላይ ብቻዋን ወጥታ ወደ ወታደራዊ ክልል የዘለቀች ደቡብ ኮሪያዊት ጎብኚ በወታደር ጥይት ሞታለች።

እርስዎ የሙያው ሰው ስለሆኑ ከሌላው አንባቢ በተሻለ የሚገባዎት አንድ ጉዳይ አለ። በፋሲል ግቢ አንድ ቱሪስት ቡድኑን ጥሎ ቡና ሊጠጣ ወደ ፒያሳ ቢወርድ የእርስዎ ጭንቀት እስኪመለስ ድረስ ብቻ ነው። በፒዮንግያንግ ግን እንግዳው ለሠራው ጥፋት አስጎብኚውም ተጠያቂ ነው፤ እንግዳው በማግሥቱ ተባርሮ አገሩ ይገባል፣ አስጎብኚው ግን እዚያው ከነቤተሰቡ ይቀራል። ስለዚህ ከአስጎብኚዎቻቸው ተሰውረው ከተማውን እንደ ዞሩ፣ የተከለከለ ፎቶ ደብቀው እንዳወጡ በኩራት የሚተርኩ መንገደኞችን እኔ በጀግንነት አላያቸውም፤ በሌላ ሰው አንገት የተጫወቱ ሰዎች ናቸው። አስጎብኚዎቹን ስለ መሪዎቹ ያላቸውን የግል አስተያየት መጠየቅም ያው ነው። ጠያቂው የሚያገኘው አዲስ ነገር የለም፤ ተጠያቂው ግን ሁለተኛው አስጎብኚ እየሰማው ነው የሚመልሰው።

ወደ ስግደቱ እንምጣ። በፒዮንግያንግ ማንሱ ኮረብታ ላይ በቆሙት የአገሪቱ መሥራች የኪም ኢል ሱንግና የልጃቸው የኪም ጆንግ ኢል ግዙፍ የነሐስ ሐውልቶች ፊት አበባ ማኖርና ጎንበስ ብሎ እጅ መንሣት ከጎብኚው ሁሉ ይጠበቃል፤ የሁለቱ አስከሬን በመስታወት ውስጥ በሚታይበት በኩምሱሳን ቤተ መንግሥትም እንዲሁ ነው። የሚጠየቀው ከወገብ ጎንበስ ማለት እንጂ በግንባር መደፋት አይደለም። በታላላቆቹ ፊት ጎንበስ ማለትን እየተማረ ላደገ ጎንደሬ እንቅስቃሴው እንግዳ ባይሆንም፣ ለሐውልት መሆኑ ግን ሕሊናን ሊከብድ እንደሚችል እረዳለሁ። ነፍስ አባትዎን ያማክሩ፤ ካልተፈቀደልዎ ወይም ልብዎ እንቢ ካለ ከጉዞው ይቅሩ እንጂ፣ ከስፍራው ደርሰው አልሰግድም በማለት አስጎብኚዎቹን ጭንቅ ውስጥ አይክተቱ። ማተቡ ለራስዎ ስለሆነ ችግር ያመጣል ብዬ አላስብም፤ ሆኖም ወኪሉን አስቀድመው ይጠይቁ። የጸሎት መጽሐፍ ይዘው ከገቡ ግን ይዘውት ይውጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በቾንግጂን ከተማ በአንድ ክበብ መጽሐፍ ቅዱስ ትቶ የወጣ አሜሪካዊ ቱሪስት ለወራት ታስሯል።

በዚያ አገር የመሪዎቹ ምስል እንደ ተራ ወረቀት አይታይም። ሐውልቶቹን ፎቶ ሲያነሡ ከራስ እስከ እግር ሙሉ ይሁኑ፤ ምስላቸው ያለበትን ጋዜጣ አይጠፉት፣ አይጣሉት፤ ወታደርና የፍተሻ ኬላ አያንሡ። ከሆቴል የፖለቲካ መፈክር ሊሰርቅ ሞክሯል ተብሎ የተያዘው አሜሪካዊ ተማሪ ኦቶ ዋርምቢየር እ.ኤ.አ. በ2016 የ15 ዓመት ከባድ የጉልበት ሥራ ተፈርዶበት፣ በሚቀጥለው ዓመት ራሱን እንደ ሳተ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በቀናት ውስጥ ማረፉን ያስታውሱ። አሜሪካ ዜጎቿ በፓስፖርቷ ወደዚያ እንዳይሄዱ የከለከለችው ከዚህ በኋላ ነው።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በሩ መከፈቱን ያረጋግጡ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 በኮሮና ምክንያት ድንበሯን ከዘጋች በኋላ በ2024 መጀመሪያ ሩሲያውያንን ብቻ አስገባች፤ በፌብሩዋሪ 2025 ራሶን የተባለውን የሰሜን ምሥራቅ አካባቢ ለሌሎችም ከፍታ በሳምንታት ውስጥ መልሳ ዘጋችው። ስለዚህ ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘብዎ የሚመለስበትን ውል በጽሑፍ ይያዙ፤ ቤጂንግ ለሚገኘው ኤምባሲያችንም የመግቢያና የመውጫ ቀንዎን ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ ለጎብኚ የሚታየው ሁሉ የተቀናበረ ከሆነ፣ ለእንዲህ ዓይነት መንግሥት ገንዘብ ከፍሎ መሄድ ምን ይረባል? በደርግ ጊዜ በይለፍ ወረቀት የኖርን ሰዎች ይህን ለማየት ባሕር መሻገር የሚያስፈልገን አይመስለኝም።
(ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከማራኪ)

መልስ፦ ገንዘቡን በተመለከተ ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ጎብኚው የሚከፍለው ወደ መንግሥት ካዝና እንደሚገባ ተረድቶ መወሰን የእያንዳንዱ ድርሻ ነው። ሁሉም የተቀናበረ ነው የሚለው ግን የተጋነነ ይመስለኛል። ለብዙ ዓመታት ጎብኚዎች ከፒዮንግያንግ የምድር ውስጥ ባቡር የሚያዩት ሁለት ጣቢያ ብቻ ስለ ነበር፣ ተሳፋሪዎቹ ተዋናዮች ናቸው ይባል ነበር፤ በኋላ ሌሎቹ ጣቢያዎች ሲከፈቱ የታየው እንደማንኛውም ከተማ ወደ ሥራው የሚጣደፍ ሕዝብ ነው። የሚመረጠው ለጎብኚው የሚታየው ቦታ እንጂ፣ በቦታው ያለው ሰው ሁሉ አይደለም።

የደርግን ዘመን ማንሣትዎ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አዲስ አበባ ያለው የትግላችን ሐውልት እንኳ በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የተሠራ ነው። ያንን ዘመን የኖረ ሰው አስጎብኚው ዝም ያለበትን ቦታ ከወጣት ቱሪስት ይልቅ ያስተውላል። ሳይከፍሉ ማየት ከፈለጉ ደግሞ በቻይና በኩል ዳንዶንግ ከተማ ከያሉ ወንዝ ዳር ቢቆሙ፣ ማዶ ያለችውን የሰሜን ኮሪያዋን ሲኑዊጁን በዓይንዎ ያያሉ። የአዘዞው ጠያቂያችንም ከወንድማቸው ጋር ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው፤ ለዚያ የሚያስፈልጋቸው የቻይና ቪዛና የባቡር ቲኬት ብቻ ነው።