ፓምፑን ከመፍታታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው የመዋኛ ገንዳ ጥገና ገና ለጀመራችሁት ነው። እኔ ፀጉሬ የሸበተው ከፓምፕ ጋር ስታገል ነው። ያየሁትን ባጭሩ ልንገራችሁ፦ ፓምፕ ብዙ ጊዜ የሚከሰሰው ባልሠራው ጥፋት ነው።

ውሃ አልገፋ ሲል ዓይናችን ቀጥታ ሞተሩ ላይ ያርፋል። የሚጮኸው እሱ፣ የሚሞቀው እሱ፣ ውዱም እሱ ነዋ! እኔም ጀማሪ ሳለሁ እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ፓምፕ ውሃ መሳብ አቃተው። ክዳኑ ግልጽ ስለሆነ ውስጡ ይታያል። ውሃው ግማሽ ድረስ ብቻ ሞልቶ ይንተከተካል። ወደ ገንዳው ከሚመለሰው ውሃ ጋርም አረፋ ይወጣል። ፓምፑ ደክሟል ብዬ ፈታሁት። የዘንጉን ማሸጊያ ቀየርኩ፣ ኢምፔለሩን (ውሃውን የሚገፋውን ተሽከርካሪ) አጠብኩ፣ ሁለት ቀን ሙሉ እንዳጎነበስኩ ዋልኩ። ገጥሜ ሳስነሳው ያው ነው።

በኋላ አንድ አንጋፋ ባለሙያ መጣ። ካቻቪቴ እንኳ አላወጣም። የፂም መላጫ አረፋ ይዞ በሚስበው ቱቦ መገጣጠሚያዎችና በክዳኑ ዙሪያ ቀባ። ፓምፑ ሲነሳ ክዳኑ ጠርዝ ላይ ያለው አረፋ አንድ ቦታ ላይ ስርጉድ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ክዳኑን ከፈተና ኦሪንጉን (የክዳኑን የጎማ ቀለበት) በጣቱ ጠመም አድርጎ አሳየኝ። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ! የዚያን ቀን እፍረት እስካሁን አልለቀቀኝም።

ነገሩ ቀላል ነው። ከገንዳው እስከ ፓምፑ ያለው መስመር ይስባል። እዚያ ቀዳዳ ካለ ፓምፑ እየሠራ አየር ይገባል እንጂ ውሃ አይንጠባጠብም። ከፓምፑ በኋላ ያለው መስመር ይገፋል፤ እዚያ ቀዳዳ ካለ ውሃው ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ መሬቱ ደረቅ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ኦሪንጉን ስትመልሱ ደግሞ የሲሊኮን ግራሶ ቀቡት። ቫዝሊን አይሆንም፤ ጎማውን ያበላሸዋል።

አየር ፍለጋ ከመግባታችሁም በፊት የገንዳውን ውሃ ከፍታ እዩ። ከስኪመሩ (ገንዳው ጠርዝ ላይ ውሃ ከሚስበው ሳጥን) አፍ ግማሽ በታች ከወረደ ፓምፑ አየር ይጠጣል። የስኪመሩንና የፓምፑን ቅርጫትም አውጥታችሁ አራግፉ። «ለዚህ ነው እንዴ የጠራኋችሁ?» ብሎ የሚስቅ ደንበኛ ያጋጥማችኋል። ይሳቅ።

አሁን ወደ ፊልተሩ። እላዩ ላይ ያለችውን ትንሽ የግፊት መለኪያ ልመዷት። ፊልተሩ ንጹሕ በሆነበት ቀን የምታሳየውን ቁጥር በማርከር ታንኩ ላይ ጻፉ። ያ ቁጥር ከሌላችሁ መለኪያዋ ጌጥ ናት። ከዚያ በላይ ከ8 እስከ 10 ፒኤስአይ (የግፊት አሃድ ነው) ስትጨምር ፊልተሩ ቆሽሿል ማለት ነው። አሸዋ ከሆነ ባክዋሽ አድርጉት፣ ማለትም ውሃውን በተቃራኒ አቅጣጫ ልካችሁ ቆሻሻውን አስወጡ፤ ካርትሪጅ (ተነቃይ ማጣሪያ) ከሆነ አውጥታችሁ እጠቡት። ከወትሮው ከወረደች ግን ፊልተሩን ተዉት። ችግሩ ከሱ በፊት ነው፦ የሞላ ቅርጫት፣ የሚገባ አየር ወይም የተደፈነ ኢምፔለር።

ንጽሕና ወዳድ ነኝ ብሎ በየቀኑ ባክዋሽ የሚያደርግ አለ። ተዉ እንጂ! አሸዋ ትንሽ ሲቆሽሽ ነው ደቃቁን ነገር ይበልጥ የሚይዘው። ውሃውንም በከንቱ ታፈሱታላችሁ።

የፊልተሩን ቫልቭ እጀታ ስታዞሩ ፓምፑ መጥፋት አለበት። ሁልጊዜ። «ለአንዴ ምን አለበት» ብሎ እየሠራ ያዞረ ሰው ውስጡ ያለውን ጎማ ይቀደዋል። ከዚያ ውሃው ቀስ በቀስ በፍሳሽ ቱቦው ሾልኮ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ገንዳው ተሰነጠቀ ብሎ ይጨነቃል። ባክዋሹ ካለቀ በኋላም እጀታውን ሪንስ (ማለቅለቂያው) ላይ አድርጋችሁ ጥቂት አቆዩት። ካልሆነ የቀረው ቆሻሻ ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ይገባል።

ገንዳው ወለል ላይ አሸዋ ካያችሁ አሸዋ ብቻ ለመቀየር አትቸኩሉ። ብዙውን ጊዜ ታንኩ ሥር ካሉት ቀጫጭን ማጣሪያ ቱቦዎች አንዱ ተሰብሯል። እሱ ሳይቀየር አዲሱም አሸዋ ይከተላል።

ሞተሩ ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜም አለ፣ አልክድም። ድምፁን ስሙት። አልነሳ ብሎ «እምምም» ካለ ካፓሲተሩ (ሞተሩን የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ክፍል) ሞቷል፣ ወይም ኢምፔለሩ ውስጥ የተቀረቀረ ነገር አለ። ሲጥ የሚል ጩኸት የኩሽኔታ ነው። ጠጠር የሚፈጭ ከመሰለ ግን የሚስበው ውሃ አንሶታል፤ ተመልሳችሁ ወደ ቅርጫቱ ሂዱ። በፓምፑና በሞተሩ መካከል ውሃ ከተንጠባጠበ የዘንጉ ማሸጊያ አልቋል። ቶሎ ካልተቀየረ ውሃው ኩሽኔታውን ይበላዋል።

ከመንካታችሁ በፊት ብሬከሩን አጥፉ። ካፓሲተር መብራት ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፤ በባዶ እጅ አትንኩት። የፊልተሩን ታንክ ስትከፍቱ መጀመሪያ ፓምፑን አጥፉ። ከዚያ የአየር መልቀቂያውን ክፈቱ። የሚወጣው አየር ድምፅ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ጠብቁ። ማሰሪያውን የምታላሉት ከዚያ በኋላ ነው። ግፊት ያለበት ክዳን ተስፈንጥሮ ሰው ይገድላል፤ በዚህ ቀልድ የለም።

በቅርቡ አንድ ወጣት ደወለልኝ። ግፊቱ አልወርድ ብሎት ሦስት ጊዜ ባክዋሽ አድርጓል፣ አሸዋውንም ሊቀይር ነው። «ፓምፑን ስታጠፋው መለኪያዋ ስንት ትላለች?» አልኩት። ሄዶ አየ። ትንሽ ዝም አለና፣ «ጋሼ፣ ያው 20 ላይ ናት» አለኝ።

መለኪያዋን ብቻ ቀየረ።