የ2,000 ወርቅ ሰይፍ

ጥያቄ፦ ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ካፌ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን ዳይስ እየጣሉ ምናባዊ ጀብዱ የሚተረክበትን የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ጨዋታ ሦስት ነጥብ አምስተኛ እትም እንጫወታለን፤ የጨዋታው መሪ እኔ ነኝ። ከተጫዋቾቻችን አንዱ በካፌው ደረሰኝ ጀርባ ላይ አስልቶ፣ ምት እንዳይስት የሚያግዘው «ትሩ ስትራይክ» የተባለው ድግምት በየምቱ የሚሠራበት ሰይፍ 2,000 የወርቅ ሳንቲም ብቻ እንደሚያወጣ አሳየኝ። ስሌቱ ከጨዋታው መመሪያ መጽሐፍ የዋጋ ቀመር ጋር ስለ ገጠመ ፈቀድሁለት። ከዚያ ወዲህ የሚስተው ምት የለም፤ ሌሎቹም ዳይሳቸውን ከሲኒያቸው አጠገብ አኑረው እሱን መመልከት ብቻ ሆኗል ሥራቸው። ሰይፉን ምን ላድርገው? ደግሞስ አስማተኛዋን የምትጫወተው ልጅ «የእሳት ኳስ ድግምቴ የዳይስ ብዛት ላይ የተጣለው ገደብ ይነሣልኝ» ብትለኝ ልፍቀድላት?

መልስ፦ ልጁ በስሌቱ አልተሳሳተም። የድግምቱ ደረጃ 1፣ የአስማተኛው ደረጃ 1፣ ሁለቱ ተባዝተው በ2,000 ሲባዙ ያው 2,000 ይሆናል። ስሕተቱ ያለው ቀመሩ ምን እንደሚመዝን ሳይጠየቅ በመቅረቱ ነው። «ትሩ ስትራይክ» አንደኛ ደረጃ የሆነው በአንድ ምት የዳይስ ውጤት ላይ 20 ነጥብ ስለሚጨምር ብቻ አይደለም፤ ድግምተኛው እሱን ሲደግም ተራው ያልፍበታል፣ የዕለት ድግምቱም አንድ ይጎድልበታል። የእናንተ ሰይፍ ሁለቱንም ዕዳ ሰርዞ ጥቅሙን ብቻ አስቀርቷል።

መመሪያው ራሱ አዲስ ዕቃ ሲተመን ቀላሉ መንገድ ዋጋው ከታወቀ ተመሳሳይ ዕቃ ጋር ማስተያየት እንደሆነ ይናገራል፤ ቀመሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እስቲ እናስተያየው። የጦር መሣሪያ ጭማሪ፣ ማለትም በመምታት ዕድልና በጉዳት ላይ የሚጨምረው ነጥብ፣ ዋጋው የሚወጣው ጭማሪው በራሱ ተባዝቶ፣ ውጤቱ በ2,000 ሲባዛ ነው። ስለዚህ 1 የሚጨምር ሰይፍ 2,000፣ 2 የሚጨምር 8,000፣ 5 የሚጨምር ደግሞ 50,000 ወርቅ ያወጣል። በዚሁ መንገድ 20 የሚጨምረው 800,000 ይደርሳል። የእናንተው ሰይፍ የመምታት ዕድልን እንጂ ጉዳቱን አያበዛምና በግማሽ ቀንሱለት፤ አሁንም 400,000 ነው። ልጁ የከፈለው የዚህን ከሁለት መቶ አንድ እጅ ነው ማለት ነው።

እኔም በአንድ ወቅት ያለ ገደብ የሚፈውስ ቀለበት ለተጫዋቾቼ ሸጬ ተጸጽቻለሁ። አንደኛ ደረጃውን የፈውስ ድግምት የያዘ በትር 750 ወርቅ ያወጣል፤ 50 ጊዜ ስለሚሠራ አንዱ ፈውስ 15 ወርቅ ደረሰበት ማለት ነው። በቃል የሚታዘዘው ቀለበት ግን፣ እንዲህ ያለው ዕቃ በ2,000 ፈንታ በ1,800 ስለሚባዛ፣ በቀመሩ 1,800 ብቻ ነበረ። ከ120ኛው ፈውስ በኋላ ያለው ሁሉ ነጻ መሆኑን ያስተዋልሁት ቡድኑ ከእያንዳንዱ ውጊያ በኋላ ተቀምጦ ቁስሉን በነጻ ሲያሽር ነው። መድኃኒቱ እዚያው ቀመር ውስጥ አለ፦ ዕቃው በቀን የሚሠራበትን ብዛት ወስኑና ዋጋውን በአምስት አካፍላችሁ በዚያ ብዛት አባዙት። በቀን ሦስት ጊዜ የሚፈውስ ቀለበት 1,080 ወርቅ ይሆናል፤ ዋጋውም ከጥቅሙ ጋር ይቀራረባል።

ለሰይፉም የምመክረው ይህንኑ ነው። በቀን አንድ ጊዜ፣ በቃል ትእዛዝ፣ አንድ ተራ አስከፍሎ ይሥራ። ያን ጊዜ ድግምቱ ዕዳውን መልሶ ተሸከመ ማለት ነውና በቀመሩ የሚወጣው 360 ወርቅ ተገቢ ዋጋ ነው። ቀሪውን 1,640 ወርቅ ለልጁ መልሱለት። በጨዋታው ውስጥ ሌባ ልካችሁ ሰይፉን አታሰርቁበት፤ ጠረጴዛ ላይ የተፈቀደ ነገር ጠረጴዛ ላይ በግልጽ ንግግር ይታረም። የፈቀዱት እርስዎ ነዎትና ይቅርታውም ከእርስዎ ይጀምር።

በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው አምስተኛው እትም ቀመሩን ትቶ ዕቃዎችን በብርቅነታቸው መድቧቸዋል፤ በዚያ ጊዜ «ብርቅ» የተባለው ምድብ ከ501 እስከ 5,000 ወርቅ ነበር። መርካቶ ገብቶ «ከአምስት መቶ እስከ አምስት ሺህ» የሚል ነጋዴ ያጋጠመው ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ሆኖም ሰፊነቱ አንድ ነገር ያስታውሰናል፤ ዋጋ ቦታን ይከተላል። በአገራችን አሞሌ ጨው ከአፋር ሜዳ እየራቀ በሄደ ቁጥር እየተወደደ ይሄድ ነበር። የፈውስ ጠርሙስም ከመቅደሱ ደጃፍና ከበረሃው ዳር እኩል ዋጋ ሊኖረው አይገባም።

ወደ እሳት ኳሱ ስንመጣ፣ ገደቡን ፈጽሞ ማንሣቱን አልደግፍም። ይህ ሦስተኛ ደረጃ ድግምት ጉዳቱን የሚወስነውን ዳይስ በአስማተኛው ደረጃ ልክ እየጨመረ 10 ላይ ይቆማል። ገደቡ ከተነሣ የ15ኛ ደረጃ አስማተኛ በሦስተኛ ደረጃ ድግምት 15 ዳይስ ትጥላለች፤ ይህም አምስተኛ ደረጃ ለሆነው የብርድ ድግምት ለ«ኮን ኦቭ ኮልድ» የተፈቀደው ጣሪያ ነው። ይልቅስ የእሳት ኳሱን ከዕለት ድግምቶቿ መካከል ለከፍተኛ ደረጃ ድግምት በተመደበው ቦታ ላይ አዘጋጅታ ስትመጣ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ደረጃ ገደቡ በሁለት ዳይስ ከፍ ይበል። በአምስተኛ ደረጃ 14፣ በሰባተኛ ደረጃ 18 ይሆናል፤ ሰባተኛ ደረጃ የሆነው ዘግይቶ የሚፈነዳው የእሳት ኳስም በ20 ዳይሱ ብልጫውን እንደያዘ ይቆያል። ለሦስት ቅዳሜ ሞክሩትና ተነጋገሩበት። ብቻ 18 ዳይስ በዚያች ጠባብ የካፌ ጠረጴዛ ላይ ሲበተን ሲኒ ይገለብጣልና፣ ልጅቷ ከቤቷ አንድ ትንሽ ሰፌድ ይዛ ትምጣ።