የፊታውራሪ ልጅ ፊታውራሪ ይባላልን?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ በጅማ ከተማ ታሪክ አስተምራለሁ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የመሳፍንት ማዕረግና መሬት አንድ ላይ ለበኩር ልጅ ይተላለፍ እንደነበር ሳስረዳ፣ ተማሪዎቼ «በእኛስ አገር?» ይሉኛል። ጅሬን ወጥተው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የጎበኙት ደግሞ ንጉሥ ሲሞት መሬቱ ለማን ይሆን እንደነበር ይጠይቃሉ። ብታብራሩልን።

መልስ፦ በቅድሚያ ስለ አውሮፓ አንድ ነገር እናስተካክል፤ የበኩር ልጅ ውርስ በዚያም ቢሆን ከጥንት የነበረ፣ በሁሉም ቦታ የሠራ ሕግ አልነበረም። የፍራንኮች ንጉሠ ነገሥት የታላቁ ካርል (ሻርለማኝ) የልጅ ልጆች በ843 የአያታቸውን ግዛት ለሦስት ተካፍለዋል፤ በእርሱ ዘመን አውራጃ የሚያስተዳድሩት መኳንንትም ተሿሚዎች ነበሩ። ሹመቱ የቤተሰብ ሀብት የሆነው ቀስ በቀስ ነው። (በዚህ መልስ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

በአገራችን ግን ማዕረግ በመሠረቱ ሹመት እንደሆነ ቆየ። የአውራጃ ገዥው ጸሐፌ ላምም ሆነ የሰሜኑ የባሕር ጠረፍ ገዥ ባሕር ነጋሹ፣ በኋላም የራስ፣ የደጃዝማችና የፊታውራሪ ማዕረግ ያላቸው የንጉሡ ተሿሚዎች ስለነበሩ ሹም ሽር አይቀርላቸውም ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) የቀኝና የግራ ብሕት ወደድነትን (ከንጉሡ ቀጥሎ ያለውን ከፍተኛ የቤተ መንግሥት ሹመት) ለሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ ለመድኅን ዘመዳና ለብርሃን ዘመዳ፣ መስጠታቸው በዜና መዋዕላቸው ተጽፏል። ማዕረጉ የአንድ ቤት ውርስ ቢሆን ኖሮ ይህ እንዲህ በቀላሉ ባልሆነ ነበር። በእርግጥ የትልቅ ሰው ልጅ በቤተ መንግሥት ያደገና የታወቀ በመሆኑ ለሹመት የቀረበ ነው፤ የአባቱን ማዕረግ የሚያገኘው ግን ንጉሡ ሲሰጠው ብቻ ነው።

ይህንን ከሁሉ የበለጠ የሚያሳዩት በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ የተጻፉት የመሬት ስጦታ ሰነዶች ናቸው፤ በሺመዛናው (በዛሬዋ ኤርትራ) ደብረ ሊባኖስ ገዳም ወርቃማ ወንጌል የንጉሥ ላሊበላ ስጦታ ሳይቀር ይገኛል። በእንዲህ ዓይነት ሰነድ ጸሐፊው የሚሰጠውን መሬት ይጠራል፣ ስጦታውን የሚሽረውን ሰው ያወግዛል፣ ብዙ ጊዜም «እገሌ ዐቃቤ ሰዓት (ከፍተኛው የቤተ መንግሥት ካህን)፣ እገሌ ጸሐፌ ላም ሳለ» እያለ የዘመኑን ሹማምንት ይዘረዝራል። ሹማምንቱ ለዘመን መለያ የሚሆኑት ስለሚቀያየሩ ነው። ከዚህ ደንብ የወጣ ማዕረግ የለም ማለት ግን አይደለም፤ ዋነኛው ዋግሹምነት ሲሆን፣ ከዛጕዌ ነገሥታት እንወለዳለን በሚለው የዋግ ቤት ውስጥ ሲወራረስ ኖሯል።

ወደ መሬቱ ስንመጣ፣ በሰሜኑ ክፍል ከአባትም ከእናትም በኩል የሚወረሰው ርስት ነበር፤ ወንዱም ሴቷም ድርሻ ስለነበራቸው በኩሩ ሁሉን አይጠቀልልም። ጉልት ግን በመሬቱ ላይ ከሚኖረው ሕዝብ ግብር የመሰብሰብ መብት ስለሆነ ከአገልግሎት ጋር የተያያዘ ነው፤ ለዘር እንዲተላለፍ የተሰጠው ርስተ ጉልት ይባል ነበር። ጉልት በሕግ የቀረው በ1966 ነው።

የነገሥታቱ መሬት ዋናው ክፍል ዙፋኑን ይከተላል፤ ዙፋኑም ቢሆን ለበኩር ልጅ የተወሰነ አልነበረም። ወንድ የንጉሥ ዘር ሁሉ ተስፋ ስለነበረው፣ መሳፍንቱ በዐምባ ግሸን ላይ ይጠበቁ ነበር፤ ዐፄ ናዖድ በ1494 የነገሡት ከዚያ ወርደው ነው። የቤተ መንግሥት ሴቶችም ሰፊ መሬት ይይዙ ነበር። የሐድያው ገዥ ልጅ እቴጌ እሌኒ በጎጃም ግዛት ነበራቸው፣ መርጡለ ማርያምንም በዚያው አሠርተዋል። ይህን ያገኙት ከሐድያ አባታቸው ወርሰው አይደለም፤ በቤተ መንግሥቱ በነበራቸው ሥልጣን ነው።

የጅማ መንግሥት ከመካከለኛው ዘመን እጅግ ዘግይቶ የተመሠረተ ስለሆነ ከላይ ካለው ጋር ባይቀላቀል ይሻላል። ሆኖም ለተማሪዎችዎ በቅርብ የሚታይ ምሳሌ ይሆናል። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1878 የአባታቸውን የአባ ጎሞልን ዙፋን ወረሱ፤ በየአውራጃው የሚያስተዳድሩት አባ ቆሮዎች ግን የንጉሡ ተሿሚዎች ነበሩ። ንግሥናው በዘር፣ ሹመቱ በንጉሥ ፈቃድ መሆኑ ነው። አባ ጅፋር ለዐፄ ምኒልክ በመገበራቸው የውስጥ አስተዳደራቸው አልተነካም፤ በ1932 ካረፉ በኋላ ግን ጅማ በማዕከላዊው መንግሥት ሹማምንት ሥር ስለገባ፣ የልጅ ልጃቸው አባ ጆቢር የአያታቸውን ሥልጣን ይዘው መቆየት አልቻሉም።