አለቃ የሚሆነው ማን ነው? ስለ ኦጂብዌዎች የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ከጓደኛዬ ጋር ተከራክረን አልተግባባንም። እሱ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች አካባቢ የሚኖሩት ኦጂብዌዎች አለቅነትን ከአባት ወደ ልጅ ያወርሳሉ ይላል። እኔ ደግሞ ጎበዝ የሆነ ሁሉ አለቃ ይሆናል ባይ ነኝ። ማን ልክ ነው? ሳይጽፉስ ዘራቸውን እንዴት ቆጠሩ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። ውርርድ ካለበት ግን ጓደኛዎ ትንሽ ይቀድማል።

ነገሩ የሚጀምረው ከጎሳ ነው፤ እነሱ ዶዴም ይሉታል። ልጅ የአባቱን ዶዴም ይወስዳል። ዶዴሙ የሚጠራው በእንስሳ ነው፦ ድብ፣ ዓሣ፣ ካሪቡ (የሰሜን አጋዘን)፣ ተኩላ እያለ ይሄዳል። ዶዴማቸው አንድ የሆነ ሰዎች፣ መንደራቸው የቱንም ያህል ቢራራቅ፣ እንደ እህትና ወንድም ስለሚቆጠሩ አይጋቡም። አለቅነት ደግሞ በልማድ የሁለት ወፎች ጎሳ ነው፦ የክሬንና የሉን። ክሬን ባለ ረጅም እግር ናት፣ ሉን የውሃ ወፍ። አለቃውን ኦጊማ ይሉታል።

ታዲያ ከሁለቱ ማን ይቀድማል? ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነው፤ ለጥያቄዎ መልሱም እዚሁ አለ። ዊሊያም ዋረን የሚባል በእናቱ በኩል የኦጂብዌ ዘር ያለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1853 ገና በ28 ዓመቱ ሳይሞት የሕዝቡን ታሪክ ከሽማግሌዎች አፍ ለቅሞ ጽፎ ነበር፤ የታተመው በ1885 ነው። በሱፐርየር ሐይቅ ላይ ያለችው የላፖይንት መንደር የክሬን ጎሳ አለቃ ተግዋጋኔ የዋረን ዘመድ ነበር። ይህ አለቃ ከመዳብ የተሠራ ክብ ሰሌዳ ነበረው። ሰሌዳው ላይ ስምንት ስርጉዶች አሉ፤ እያንዳንዱ ስርጉድ እዚያ አገር ከሰፈሩ ወዲህ ያለፈ አንድ ትውልድ ነው። ሦስተኛው ስርጉድ ትይዩ ደግሞ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ተስሏል። ነጮች የመጡት ያኔ ነው ማለት ነው! ቤተሰቡ ሰሌዳውን መሬት ውስጥ ቀብሮ ነበር የሚጠብቀው። አለቃው ለዋረን አባት አውጥቶ ምልክቶቹን ፈትቶለታል። ሳይጽፉ እንዴት ቆጠሩ ላሉት መልሱ ይኸው ነው።

ግን ተግዋጋኔ ዝምተኛ ነበር፤ ሸንጎ ላይ እምብዛም አይናገርም። የክሬን ሰዎች ትረካ ራሱ ሉን ለክሬን ድምፅ መላሽ ሆና ተሾመች ይላል። በተግባርም የላፖይንት ሰው ሁሉ ስሙን የሚያውቀው የሉኑን አለቃ ኬቼዋይሽኬን ነው፤ ነጮች ቡፋሎ ይሉት የነበረውን። ሕዝቡ ከመሬቱ እንዳይነቀል በ1852 ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኖት በታንኳ ተነሥቶ እስከ ዋሽንግተን ሄዶ ፕሬዚዳንት ፊልሞርን ያናገረው እሱ ነው። በዘር ቀዳሚው ክሬን፣ በአፍ ቀዳሚው ሉን። ኦጊማ እንደ ንጉሥ አያዝዝም፤ ሰው ካልሰማው ዘሩ ብቻውን የትም አያደርሰውም።

የእርስዎ ወገን ምሳሌም አለ። ኩርሊ ሄድ የተባለው የክሬን አለቃ በ1825 ከፕሬሪ ዱ ሺን የስምምነት ጉባኤ ሲመለስ ሞተ። ወራሽ አልነበረውም። ሲያገለግሉት የነበሩ ሁለት ወንድማማቾች ቦታውን ያዙ። አንደኛው ባጎኔጊዢግ ነው፤ በውርስ ሳይሆን በጉብዝናው ወጣ። አስቂኙ ነገር በ1847 ሲሞት ልጁ ስሙንም ቦታውንም ወረሰ። ልጁም የኦጂብዌዎች ሁሉ አለቃ ነኝ ማለት አበዛ፤ ሌሎች አለቆች ደግሞ ይህን አልወደዱለትም። በ1868 ተገደለ።

የዘር ሐረጉ ጠላት ቤትም ይገባል። የካሪቡ ጎሳ አለቃ የማሞንጌዚዳ እናት ቀድሞ ከኦጂብዌዎች ጠላት ሕዝብ ከዳኮታዎች አንዱን አግብታ ነበር። ስለዚህ የዳኮታዎቹ አለቃ ዋባሻ ወንድሙ ነው። አንድ ንጋት ዳኮታዎች ድንኳኑን ሲከቡ «ዋባሻ አለ?» ብሎ እንደጠራ ይተረካል። ዋባሻ ጎንበስ ብሎ ሲገባ የማሞንጌዚዳ ትንሹ ልጅ ዋቦጂግ በዱላ ራሱን መታው። አጎትየውም ተደሰተ እንጂ አልተቆጣም።

ጥያቄ፦ ዛሬስ እንዲህ ያሉ አለቆች አሉ?

መልስ፦ አብዛኛው ቦታ ምርጫ ተክቷቸዋል። ሚኒሶታ ውስጥ ያለው የኦጂብዌዎች ሰፈር ሬድ ሌክ ግን ለየት ይላል። በ1918 ባወጡት ሕገ መንግሥት ሰባት የዘር አለቆች እያንዳንዳቸው አምስት ሰው ወደ ምክር ቤት ይሰይሙ ነበር። በ1958 በአዲስ ሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ የሚመረጥ ሆነ። ሰባቱ ወንበር ግን አልተነሣም፤ አለቆቹ አማካሪ ሆነው ቀሩ።