ውሃው የገባበት ሳይዘጋ እንጨት አይቀየርም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ያረጁ ጀልባዎች ጥገና

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ 5 ሜትር ከግማሽ የምትሆን አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባ አለችኝ። ሞተሩን ከፍና ዝቅ ሳደርገው፣ የታሰረበት የኋላ ግድግዳ አብሮት ይነቃነቃል። ከአንዱ ቡሎን ስርም ቡናማ ውሃ ይንጠባጠባል። ትናንሽ ቀዳዳዎች በስቼ ኢፖክሲ (ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚደርቅ ሙጫ) በመርፌ ብወጋው እንደሚጠነክር ተነግሮኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይጠነክርም። ቡናማው ውሃ በሁለቱ የፋይበርግላስ ቆዳዎች መካከል ያለው ፕላይውድ መበስበሱን ያሳያል። አበስባሹ ፈንገስ የሚበላው የእንጨቱን ቃጫ ራሱን ስለሆነ፣ የቀረው እንጨት መልኩን እንጂ ጉልበቱን አልያዘም። በዚያ ላይ ውሃ የጠገበ እንጨት ኢፖክሲ አይጠጣም። የሚወጉት ኢፖክሲ በስንጥቆቹ መካከል ጥቂት ተጉዞ ይደርቃል፤ ውሃውንም መውጫ አሳጥቶ እዚያው ያስቀረዋል።

መጀመሪያ ጉዳቱ እስከ የት እንደደረሰ ይወቁ። ግድግዳውን በየ5 ሴንቲ ሜትሩ በፕላስቲክ መዶሻ በቀስታ ያንኳኩት። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ወይም የተላቀቀው ግን ይታፈናል። ቀጥለው የውጭውን ቆዳ ሳይነኩ ከውስጥ በኩል በ5 ሚሊ ሜትር መብሻ ይብሱና የሚወጣውን ፍቅፋቂ ይመልከቱ። ነጣ ያለና ደረቅ ከሆነ ደህና ነው። ጠቁሮ መብሻው ላይ ከተለጠፈ ወይም በጣት ሲጨመቅ ከራሰ፣ እንጨቱ አብቅቶለታል። ከሞተሩ ቡሎኖች፣ ከውሃ ማፍሰሻው ቀዳዳና ከታችኛው ጠርዝ አጠገብ መብሳትዎን አይርሱ፤ ብዙውን ጊዜ ብስባሴው የሚጀምረው ከእነዚህ ነው።

ከመቁረጥዎ በፊት ሁለት ነገር ይለኩ። አንደኛው የግድግዳው ሙሉ ውፍረት ነው፤ አዲሱ ከቀድሞው ከወፈረ የሞተሩ ማሰሪያ አይገባም። ሁለተኛው የሞተሩ ቀዳዳዎች ከላይኛው ጠርዝና ከመሐል መስመሩ ያላቸው ርቀት ነው። ከዚያ የውስጠኛውን ቆዳ ከጠርዙ 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው በግራይንደር ይቁረጡት። የሚተወው ጠርዝ አዲሱ ፋይበርግላስ የሚጋባበት ነው። የበሰበሰውን በመሮ እያነሱ የውጭው ቆዳ ንጹሕ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ያጽዱ። ከዚያ በ40 ወይም በ60 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱት። የፋይበርግላስ አቧራ ሳንባን ያስቆጣልና፣ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም የአቧራ ማጣሪያ ጭምብል፣ የዓይን መከላከያና ጓንት ሳያደርጉ ግራይንደሩን አያስነሡ።

ለአዲሱ ግድግዳ በውሃ የማይፈታ ሙጫ የተሠራበት የባሕር ፕላይውድ ይጠቀሙ። የቤት ዕቃ ፕላይውድ በመሐል ንብርቦቹ ውስጥ ክፍተት አለው፤ አንድ የውሃ ጠብታ ከገባ ያ ክፍተት ቦይ ይሆንለታል። 18 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ሰሌዳዎች ሲጣበቁ 36 ሚሊ ሜትር ይሰጣሉ። ግድግዳው ጥምዝ ካለው ግን ሰሌዳዎቹን ውጭ አጣብቀው አያስገቡ። አንድ በአንድ ጀልባዋ ላይ ሲጣበቁ ነው ጥምዙን የሚይዙት። የእንጨቱ እርጥበት 12 በመቶና ከዚያ በታች መሆን አለበት።

በማጣበቁ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ወፍራሙን ማጣበቂያ በደረቅ እንጨት ላይ በቀጥታ ከቀቡት፣ እንጨቱ ፈሳሹን ይመጥና መጋጠሚያው ሙጫ አልባ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ምንም ያልተቀላቀለበት ቀጭን ኢፖክሲ በሁለቱም ፊት ይቀቡ። የተቆረጡት ጠርዞች ከሁሉ በላይ ስለሚጠጡ መጠጣት እስኪያቆሙ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋግሙ። ገና ሳይደርቅ፣ በሲሊካ ዱቄት የወፈረውንና ስፓቱላ ሲዘቀዘቅ የማይወርደውን ኢፖክሲ በጥርሳም ስፓቱላ ያልብሱ። ሞርሴቶውን (ሰሌዳዎቹን የሚጨምቀውን መያዣ) በዙሪያው ጥቂት ሙጫ እስኪወጣ ብቻ ያጥብቁ። ከልክ በላይ ከተጫነ ሙጫው ሁሉ ይወጣና መጋጠሚያው ባዶ ይሆናል።

ሲደርቅ ግድግዳው ከቀፎው (ከጀልባዋ አካል) ጋር የሚገናኝበትን ማዕዘን በዚያው ወፍራም ኢፖክሲ ክብ አድርገው ይሙሉት፤ የክቡ ራዲየስ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይሁን። የፋይበርግላስ ጨርቅ ስል ማዕዘን ላይ አይተኛም። ከስሩ አየር ይይዝና መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። በላዩ በካሬ ሜትር 600 ግራም የሚመዝን፣ ክሮቹ በ45 ዲግሪ የተሻገሩ ጨርቅ በሦስት ንብርብ ያንጥፉ። የንብርቦቹ ጠርዞች በአንድ መስመር ላይ እንዳያልቁ እያንዳንዱን ከቀድሞው በ4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ያስረዝሙት።

አሁን ዋናው ነገር። ፕላይውዱ በራሱ አልበሰበሰም፤ ውሃ በቀዳዳ ገብቶበት ነው። ለ12 ሚሊ ሜትር ቡሎን መጀመሪያ 18 ወይም 20 ሚሊ ሜትር አድርገው ይብሱ። ጎኑን በቀጭን ኢፖክሲ ያርሱ፣ ቀዳዳውን በወፍራም ኢፖክሲ ይድፈኑ፣ ሲደርቅ መሐሉን በ12 ይብሱት። እንዲህ ሲሆን ቡሎኑ የሚነካው ኢፖክሲን ነው፤ ማሸጊያው ቢያረጅ እንኳ ውሃው እንጨት አያገኝም። ማሸጊያው ፖሊዩሬቴን ይሁን፣ በውስጥ በኩልም ሰፊ ሮንዴላ ያድርጉ። ሲሊኮን አይጠቀሙ፤ እሱ የነካውን ቦታ ቀለምም ኢፖክሲም ኋላ አይዙትም። ይህን አንድ ሥራ የዘለለ ሰው ግድግዳውን መልሶ መክፈቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ከወለሉ ስር ካሉት ቁመታዊ ወራጆች አንዱ በ40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት በስብሷል፤ ወራጁ በሙሉ 3 ሜትር ነው። የበሰበሰውን ብቻ ቆርጬ ልቀጥልበት?

መልስ፦ ስሌቱን አብረን እንሥራው። ፈንገሱ ዓይን ከሚያየው አልፎ ስለሚሄድ፣ ከብስባሴው በሁለቱም በኩል ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ የሚመስል እንጨት አብሮ መውጣት አለበት፤ 100 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ጭነት የሚሸከም እንጨት ጫፍ ለጫፍ አይቀጠልም፤ በሰያፍ ተቆርጦ ነው የሚጋባው። የሰያፉ ርዝመት የውፍረቱን 12 እጥፍ ይሁን፣ ከ8 እጥፍ ማነስ የለበትም። ለ4 ሴንቲ ሜትር ወራጅ በየጫፉ 48 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ሲደመር አዲሱ እንጨት 196 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሁለት ሜትር ከቀየሩ ዘንድ ሦስቱንም መቀየር ይሻላል። መጋጠሚያም አይኖረው፣ ጊዜም ይቆጥባል።

የሚያስፈራው መቁረጡ አይደለም፤ ጀልባዋ ቅርጿን ማጣቷ ነው። ወራጆቹ ሲወጡ የቀፎው ታች ይለሰልሳል። በሁለት ድጋፍ ላይ ብቻ ከተቀመጠች ትጎብጣለች፣ አዲሱን ወራጅ ሲያጣብቁም ጉብጠቱን ለዘለቄታው ያስሩታል። ስለዚህ ከመሐል መስመሩ ስርና ከጎኖቹ በየሜትሩ ድጋፍ ያድርጉ፣ ከፊት እስከ ኋላ ሲባጎ ወጥረው ርቀቱን ይመዝግቡ፣ ወራጆቹንም አንዱ ገብቶ ሳይደርቅ ሌላውን አያውጡ።

አዲሱን ወራጅ ቀፎው ላይ በቀጥታ አያሳርፉት። የእንጨቱ ጠርዝ የነካው መስመር ሞገድ በመታ ቁጥር እዚያው ይታጠፍና ከውጭ ይሰነጠቃል። 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትተው በወፍራም ኢፖክሲ ይሙሉት። ውሃ ማሳለፊያ ቀዳዳዎቹን ከመግጠምዎ በፊት ብሰው ውስጣቸውን ሦስት ጊዜ ኢፖክሲ ይቀቡ። ከወለሉ ስር አረፋ ካለም ቆርሰው ይጭመቁት፤ ውሃ ካወጣ ይውጣ። የያዘው እያንዳንዱ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ አዲሱንም እንጨት ያርሰዋል።

ጥያቄ፦ ፖሊየስተር የሚባለው የፋይበርግላስ ሙጫ ርካሽ ነው፣ ኢፖክሲ ውድ ነው። ልዩነቱ ዋጋው ላይ ብቻ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ልዩነቱ አጣባቂነታቸው ላይ ነው። ፖሊየስተር ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እንጨትንም በደንብ አይይዝም። በእንጨትና በፋይበርግላስ መካከል ለሚደረግ ማናቸውም መጋጠሚያ ኢፖክሲ ይሁን። ፋይበርግላስ በፋይበርግላስ ላይ ብቻ ከሆነ ግን በደንብ በተሞረደ ቦታ ፖሊየስተር ይበቃል። ሁለት ነገር ይያዙ። ኢፖክሲ በደረቀ ፖሊየስተር ላይ ይይዛል፤ ፖሊየስተር በኢፖክሲ ላይ መታመን የለበትም። በተጨማሪም ብጥስጣሽ ክር ያለው የተለመደው የፋይበርግላስ ምንጣፍ ክሮቹ የተያያዙበት ሙጫ የሚሟሟው በፖሊየስተር ውስጥ ባለው፣ ስታይሪን በሚባል ፈሳሽ ነው። ከኢፖክሲ ጋር ደረቅ ብሎ ማዕዘን አይታዘዝም፤ ለኢፖክሲ የተሸመነ ወይም የተሰፋ ጨርቅ ይግዙ።

ጥያቄ፦ በቀፎው ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ በስቱኮ ደፍኜ ነበር፤ ወደቀ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስቱኮ ገጽ ያስተካክላል እንጂ ጭነት አይሸከምም። ቀዳዳውን ክብ አድርገው ይቁረጡት፤ ስል ማዕዘን የስንጥቅ መነሻ ነው። ቀፎው 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዙሪያውን በ12 እጥፍ፣ ማለትም በ6 ሴንቲ ሜትር ተዳፋት ይሞርዱ። ጉልበቱ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚተላለፈው በዚህ ተዳፋት ነው። የ10 ሴንቲ ሜትሩ ቀዳዳ 22 ይሆናል፤ አይደንግጡ። ከሌላው በኩል ሰም የተቀባ ለስላሳ ሰሌዳ ይደግፉ። በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝን ምንጣፍ አንዱ ንብርብ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ስለሚሰጥ አምስት ይበቃል። ቢበዛ 90 ግራም ምንጣፍ፣ 200 ግራም ያህል ፖሊየስተርና 3 ግራም ማጠንከሪያ ማለት ነው። ሦስቱን አንጥፈው ይቆዩ፣ ሙቀቱ ሲበርድ ሁለቱን ይጨምሩ። ሁሉንም ባንዴ ካነጠፉ ራሱን አግሎ ይጣመማል። ማጠንከሪያው ዓይን ያጠፋልና ሲለኩ የዓይን መከላከያ አይለይዎ።

ጥያቄ፦ ትናንት የሠራሁት ዛሬም እጅ ላይ ይለጠፋል። ልፋቀው?

መልስ፦ በምን እንደሠሩት ይወሰናል። ፖሊየስተር ከሆነና ውስጡ ጠንክሮ ገጹ ብቻ ከተለጠፈ ምንም አልሆነ፤ አየር የነካው ገጽ እንዲህ ነው፣ ለቀጣዩ ንብርብም ይጠቅማል። የመጨረሻው ንብርብ ላይ ሰም ያለበት ፖሊየስተር ይቀቡ። ውስጡም ለስላሳ ከሆነ ማጠንከሪያው ከ1 በመቶ አንሶ ወይም ቀኑ ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ቀን በሙቀት ይሞክሩት።

ኢፖክሲ ሆኖ ጠንካራ ገጹ ላይ ቅባት የመሰለ ነገር ካለ፣ ማጠንከሪያው ከአየር እርጥበት ጋር የሠራው ልባስ ነው። በውሃና በማሻከሪያ ይጠቡት። ሳይታጠብ ቢሞርዱት ቅባቱን ወደ ውስጥ ይገፉታል፣ ቀጣዩም ንብርብ ይላቀቃል። ሁለመናው እንደ ላስቲክ ከሆነ ግን ልኬቱ ተሳስቷል፤ አይደርቅም፣ ይፋቁት። ኢፖክሲ ላይ ማጠንከሪያ መጨመር አያፈጥነውም፤ ያበላሸዋል። በሚዛን ይለኩ፣ የዕቃውን ጎንና ስር እየጠረጉ ሁለት ደቂቃ ያማስሉ፣ ከዚያም ወደ ሰፊ ትሪ ይገልብጡት። በጠባብ ዕቃ ውስጥ የቆየ ብዙ ኢፖክሲ እስከ መጨስ ይግላል።

ጥያቄ፦ የአያቴ ጀልባ ከጣውላ የተሠራች ናት፤ በመጋጠሚያዎቿ ውሃ ታስገባለች። ከውጭ በፋይበርግላስ ብሸፍናት ዕድሜዋ ይረዝማል?

መልስ፦ ያጥራል፤ እባክዎ አያድርጉት። ጎን ለጎን የተደረደረ ጣውላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ፋይበርግላሱ ግን ባለበት ይቆማል። ስለዚህ በየመጋጠሚያው ይሰነጠቃል ወይም ይላቀቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃም መውጫ ያጣና ከተሸፈነው ስር እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ይልቅ የተሰበረ ጎድን (ጣውላዎቹን ከውስጥ የሚይዝ እንጨት) ካለ እሱን ሳያወጡ አጠገቡ አዲስ ጎድን ይጨምሩ፣ ከስብራቱ በላይና በታች በደንብ አሳልፈው በየጣውላው ያስሩት። የበሰበሰውን ጣውላ ይቀይሩ፣ በመጋጠሚያዎቹ ያለውን አሮጌ ጥጥ አውጥተው በአዲስ ይጠቅጥቁ። ከዚያ ወደ ውሃው ሲመልሷት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጣውላው እስኪያብጥ ትንሽ ታስገባለች፤ ፓምፕ አዘጋጅተው ይጠብቋት።