ከድጓ፣ ከኳየርና ከክራር የመጡ አራት ድምፆች

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች ነን፤ ሙዚቃ ሙያችን አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ መሣሪያ፣ በድምፅ ብቻ የሀገር ዜማ እንዘፍናለን። አንደኛው በልጅነቱ ድጓ (የያሬድን የቤተ ክርስቲያን ዜማ) ተምሯል። አንዷ በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ኳየር አልቶ (ዝቅ ያለው የሴት ድምፅ) ነበረች። ሦስተኛው በኪነት ቡድን ክራር ይመታ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ኖታ ማንበብ ተምሬያለሁ። ለየብቻችን ያምርብናል፤ አብረን ስንሆን ግን ይጎረብጣል። ለምን? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ የአራታችሁም ጆሮ የለመደው ለየቅል ነው። ድርሻ ስትከፋፈሉ በዚያው ልክ ተከፋፈሉ።

ድጓ የተማረው ትንፋሹ ረጅም ነው፣ ብዙ ዜማ በቃሉ ይይዛል። ግን የያሬድ ዜማ መቶ ሰው ቢያዜመውም መስመሩ አንድ ነው። አጠገቡ ቆሞ ሌላ መስመር የሚይዝ ሰው ካለ ሳያውቀው ወደዚያ ይሳባል። ዋናውን ዜማ ለእሱ ስጡት።

አልቶዋ ሁለተኛ ድምፅ መያዝ ለምዳለች፤ የሚያስቸግረው ልማዷ ነው። ኳየር ውስጥ በሰባቱ ድምፆች (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ) ላይ በሦስተኛ ርቀት፣ ማለትም ከዜማው ሲቆጠር ሦስተኛውን ድምፅ ይዞ፣ መከተል የተለመደ ነው። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት (ዜማው የሚሠራባቸው ድምፆች ስብስብ) ግን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ነው። ዜማው ሬ ላይ ሲሆን እሷ ፋ ትላለች፤ ሶል ሲሆን ሲ ትላለች። ሁለቱም ከቅኝቱ ውጭ ናቸው፤ ጎረበጠን ያላችሁትም ሳይሆን አይቀርም። ከቅኝቱ ድምፆች አንዱን እየዘለለች ከላይ ትያዝ፦ ዶ ሲሆን ሚ፣ ሬ ሲሆን ሶል፣ ሚ ሲሆን ላ፣ ሶል ሲሆን የላይኛው ዶ፣ ላ ሲሆን የላይኛው ሬ። ከመጀመሪያው በቀር ሁሉም አራተኛ ርቀት ስለሆነ ኳየር ለለመደ ጆሮ ባዶ ባዶ ይላል፤ ታገሱት። አንቺሆዬ በሚባለው ቅኝት ላይ ግን ይህን አትሞክሩ። እዚያ ከአራተኛው ድምፅ ላይ አንድ ስትዘሉ የምታገኙት የሦስት ሙሉ ቶን ርቀት ነው፣ ይሻክራል። አንቺሆዬን ሁላችሁም በአንድ ዜማ፣ በኦክታቭ ልዩነት (ያንኑ ድምፅ ከላይ ወይም ከታች) ብቻ ዝፈኑት።

ክራር መቺው ከቅኝት የወጣን ድምፅ ቀድሞ የሚይዘው እሱ ነውና ዳኝነቱን ለእሱ ተዉለት። ድምፁ ወፍራም ከሆነ ባስ ይሁን፤ ዶን ይዞ ይቆይ፣ ዜማው ሬ ወይም ሶል ላይ ሲያርፍ ወደ ታችኛው ሶል ይውረድ። እርስዎ ከእሱ በላይ ሶልን ይያዙ፤ እሱ ሲወርድ እርስዎ ወደ ሬ ይሂዱ። ኖታ ማንበብዎ ለመነሻ ይጠቅማል፤ ወረቀት ላይ የሌለውን ከድምፅ ወደ ድምፅ መንሸራተት ግን ከድጓው ሰው በጆሮ ይውሰዱ።

ብዙ ቡድን የሚደፈርሰው ማርገብገቡ ላይ፣ ማለትም አንዱን ፊደል በብዙ ድምፅ ማመላለሱ ላይ ነው። የድጓው ሰው ሲያርገበግብ ሦስታችሁ ከተከተላችሁት ቃሉ ራሱ አይሰማም። እሱ ብቻ ያርገብግብ፣ እናንተ ፊደሉን ይዛችሁ ጠብቁት። ስንት ድምፅ እንደሚያርገበግብም አስቀድሞ ይቁጠርላችሁ፤ ዛሬ አምስት፣ ነገ ስምንት ከሆነ አብሮ መዝጋት አይቻልም። ግጥሙን መስመር እየዘለላችሁ ጻፉና ከቃሉ በላይ ምልክት አድርጉ። ድጓም የሚዜመው እንዲሁ ነው፤ ከምልክቶቹ ይዘትን (መያዣ)፣ ቁርጥን (መቁረጫ) እና ርክርክን (ማርገብገቢያ) ብትዋሱ ይበቃችኋል።

ሳድስ ፊደልም ያጣላል። «ፍቅር» ሲረዝም አንዱ «ፍ» ሲል ሌላው «ፊ» ይላል፤ ድምፁ ልክ ሆኖ ሳለ የተሳሳተ ይመስላል። በአንዱ ተስማሙ። «ር»ን ደግሞ መጨረሻ ላይ አብራችሁ ዝጉ። መጥበቅና መላላትም እንዲሁ ነው፦ «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ኖረ? አንዱ አጥብቆ አንዱ አላልቶ ከዘፈነው ምቱም ይናጋል።

ጥያቄ፦ ስንጀምርና ስንጨርስ የድምፁ ቁመት ይለያያል፤ ግማሽ ቶን ያህል ዝቅ እንላለን። ጥፋተኛው ማን ነው? (ያው አንባቢ)

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አንድ ድምፅ ይዘው የሚቆዩት ናቸው፣ ማለትም እርስዎና ባሱ። ያው ድምፅ ሲደጋገም ትንፋሽ ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል፤ ዜማ መሪው ደግሞ እነሱን እየሰማ ይከተላል። ሁለታችሁ በተራ ተንፍሱ፤ አንዱ አየር ሲስብ ሌላው ይያዝ። ከዚያም በስልክ መቃኛ አፕ በየአዝማቹ መጨረሻ ለኩ። የሚወርደው ስንኝ መጨረሻ ላይ ከሆነ ትንፋሽ አልቆባችኋል፣ ቀደም ብላችሁ ተንፍሱ። ከፍ ያለ ድምፅ ላይ ከሆነ ግን ከታች እየተንሸራተታችሁ ሳትደርሱ ትቀራላችሁ፤ ያን ቦታ ሳትንሸራተቱ ቀጥታ ድምፁ ላይ እየገባችሁ አሥር ጊዜ ለብቻው ተለማመዱት። ይህም ካልሠራ መነሻውን ግማሽ ቶን ከፍ አድርጉት። አንዳንዱ ዜማ ከአንድ መነሻ ይወርዳል፣ ከሌላው ግን አይወርድም። ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ከሆነም ተነሱ።

ጥያቄ፦ ክራር ይዘን ብንለማመድስ? (ያው አንባቢ)

መልስ፦ ለመጀመሪያው 15 ደቂቃ ይሁን፤ ቅኝቱ ጆሮ ውስጥ ይገባል። ከዚያ አስቀምጡት፤ ካለዚያ እርስ በርስ መስማማቱን ትታችሁ ክራሩን ብቻ ትከተላላችሁ። ክራር በዘፋኙ ድምፅ ልክ ስለሚቃኝ ዛሬ የቃኛችሁትን መነሻ ጻፉት፤ ሳምንት ከሌላ ቦታ ከጀመራችሁ አልቶዋ የላይኛው ሬ ላይ ልትቸገር ትችላለች።